የመስኮቱ በሽተኛ

አስገዶም ድሬዳዋ ለመውረድ ባቡር የተሳፈረ ዕለት ለሚስቱ ለለተሚካኤል የተወላት አደራ አንድ ነበር፦ ተክሉ እንዳይደርቅ። ያመጣው አናጺ ሆኖ ይሠራበት ከነበረ ከአንድ አርመን ቤት ነው። በዘይት ቆርቆሮ ተተክሎ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቅጠሉ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ድብልብል፣ ሐረጉ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ የማያውቅ።

ሦስት ወር ብሎ የሄደ ሰው ሦስት ዓመት ሆነው። ደብዳቤ የለ፣ የሰው መልእክት የለ። ለተሚካኤል ልጅ የላትም፤ ዘመዶቿም ሁሉ ትግራይ ናቸው። ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ተክሉ ላይ ጣለችው። እሱ ካለ አስገዶም አለ፤ እሱ ከሞተ ደግሞ... የቀረውን ጨርሳው አታውቅም።

አደራ የያዘች ሴት መቼም እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። በየማለዳው ጊዮርጊስ ሄዳ ጠበል ትቀዳለች፤ መጥታም ቆርቆሮው ላይ ታፈስሰዋለች። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች «የታመመው እንዴት አደረ?» ይሏታል። ደኅና ነው ትላቸዋለች። በሽተኛው ተክል መሆኑን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ቀኑን ሙሉ የሚያናግራት ሌላ ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ሲነኳቸው ይፈርጡ ጀመር። እውነትም ታመመ ብላ ጠበሉን እጥፍ አደረገችው። ይባስ ብሎ አንድ ሐረግ ብቻ ሲቀር ቆርቆሮውን አቅፋ ግቢውን ተሻገረችና ዙህራ ደጃፍ ቆመች። ዙህራ የወሎ ቆላ ልጅ ናት፣ ቅመም ነጋዴ፤ እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈው አያውቁም።

ዙህራ አንዱን ድብልብል ቅጠል በጣቷ ጨመቅ ስታደርገው ውሃ ወጣው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ውሃውን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የሚኖር። በእኛ አገር ሬትን ማን ያጠጣል? ዝም ብለው ይተዉት።»

ለተሚካኤል ከፋት፤ ጠበል ገደለው የተባለች መሰላት። ዙህራ ግን ጠበሉ ምን አጠፋ፣ ብዛቱ ነው እንጂ አለቻትና ጤነኛውን ጫፍ ቆርጣ ደረቅ አሸዋ ላይ አስተኛችላት።

ተወችው። እጇ እየበላት ተወችው። ክረምቱ ሳይወጣ ሐረጉ ሥር ሰደደ፤ ጥቅምት ሲገባ ከቆርቆሮው አፍ አልፎ ተንጠለጠለ። ጠበሉ ጋ ሄዳ ዳነ ብትላቸው ሴቶቹ እልል አሉላት፣ መረቋት። ከዚያ በኋላ በምን ምክንያት ትሂድ? በሽተኛ ሳይኖራት ወረፋ መያዝ አሳፈራት።

በማግስቱ እንደ ልማዷ በማለዳ ተነሥታ መስኮቱ ፊት ቆመች። ተክሉ ለምልሟል፤ ከእሷ ምንም አይፈልግም። አስገዶም ይሙት ይኑር እሱ ሊነግራት እንደማይችል ያን ጊዜ ገባት። ብቻዋን መሆኗን በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን አውቃው አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ዙህራ ቤት ተሻገረች።

«ዙህራ፣ ውሃ የሚጠጣ ተክል የለሽም? በየቀኑ የሚጠጣ።»

ዙህራ ሳቀች። ያንን ሊገድሉት ነበር፣ ደግሞ ሌላ አማረዎት ወይ ብላ ቀለደችባት።

«ጠዋት ጠዋት የሚፈልገኝ የለም» አለች ለተሚካኤል።

ዙህራ ሳቋን ተወችው። የዝንጅብሉን ቅርጫት ከመደቡ ላይ አነሣችና አጠገቧ እንድትቀመጥ ቦታ ለቀቀችላት።