ዋንዳ አንቺ ነሽ?

«እንግዲህ ጦሩ ከቦት ጫማው ጋር ቀሚስ ማደል ሊጀምር ነዋ!» አለ አጎት ሜርል፣ የጎረሰውን ሥጋ ሳይውጥ።

ለቀስተኞቹ ሳቃቸውን አፍነው ወደ ሟቹ እናት ወደ ቨርና ሰረቅ አድርገው አዩ። እሷ ፈገግ ስትል ጊዜ ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ።

ቴሌቪዥኑ ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ወሬ የለውም። ወንድ የሚያፈቅር ወንድ፣ ሴት የምታፈቅር ሴት፣ ማንነታቸውን ሳይደብቁ በጦሩ እንዳያገለግሉ የሚከለክለው ሕግ ዛሬ አብቅቶለታል።

ዌንደል የቡና ማንቆርቆሪያ ይዞ በወንበሮቹ መሃል ቆሟል። ከሟቹ ከሳጅን ክሌይ ጋር ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ተጋርተው ኖረዋል። እዚህ ነብራስካ፣ እናቱ ቤት፣ «የቤት ኪራይ የሚጋራው ልጅ» ነው። ሶፋው ላይ ከቨርና ጎን ጥቁር ለብሳ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የምትባለው ትሪሽ ናት፤ የክሌይ የትምህርት ቤት ጓደኛ። ከሰው ወሬ ልትጋርደው ብላ አብራው ፎቶ ተነስታ ነበር፤ እሱም ፎቶውን «እጮኛዬ» እያለ ለጓዶቹ ሲያሳይ ኖረ።

ጠዋት ወጥ ቤት ውስጥ ቨርና በሩን ገርበብ አድርጋ፣ «ማን እንደሆንክ አውቃለሁ» ብላው ነበር። «ካወቅኩ ቆየሁ።»

«ወይዘሮ ቨርና፣ ሕጉ እኮ ዛሬ ቀረ። ከእንግዲህ ማንም ምንም አያደርገውም።»

«የቀረው ዋሽንግተን ነው። እኔ ቤት አልቀረም። ነገ መቃብሩ ጋ መቆም ከፈለግክ አፍህን ዝጋ። ካልሆነ የፖሊስ አዛዡ የእህቴ ልጅ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ያቆምሃል።» ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስያዘችው።

ክሌይ ከአፍጋኒስታን፣ ከካንዳሃር ጦር ሰፈር ሲደውል ስልክ ለመደወል የተሰለፈ ወታደር ሁሉ ከኋላው ይሰማ ነበር። ስለዚህ ዌንደልን በሴት ስም ነበር የሚጠራው። «ዋንዳ! እንዴት ነሽ የኔ ቆንጆ? በልተሻል? ውሻውስ?» ዌንደል መጀመሪያ ሰሞን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። እየቆየ ግን መሳቁን ተወ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማንን እንዳናገረ ግራ ይገባው ጀመር።

ሕጉ እንዲቀር ሲፈረም ክሌይ ለእረፍት መጥቶ ነበር። «ሥራ ላይ እስኪውል ወራት ይፈጃል አሉ» አለው። «በዚያን ቀን ሰልፉ ሁሉ እየሰማ፣ ዌንደል ብዬ ነው የምጠራህ። ጮክ ብዬ።» ተመልሶ ሄደ። ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው መንገድ ላይ የተቀበረ ፈንጂ ረገጠች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ወታደር በምርኩዝ እያነከሰ ገባ። ቶቫር ይባላል፤ ከክሌይ ጋር እዚያው መኪና ውስጥ ነበር። ትሪሽን እንዳየ ኮፍያውን አወለቀ።

«ከፎቶው አወቅኩሽ። ዋንዳ አንቺ ነሽ አይደል?»

ትሪሽ ግራ ተጋብታ ዌንደልን አየችው። ዌንደል አፉን ከፈተ።

«እሷ ናት» አለች ቨርና፤ ዓይኗን ከዌንደል ላይ ሳትነቅል። «ዋንዳ እያለ ነበር የሚያቆላምጣት።»

ቶቫር የትሪሽን እጅ ያዘ። «መልእክት አለብኝ። ቆስለን የወሰደን ሄሊኮፕተር ውስጥ እጄን አልለቅም አለ። ሕመሙ ሲብስበት ያንቺን ስም ነው የሚጠራው። ‹ዋንዳን ውሻውን አልጋ ላይ እንዳታወጣው በሏት› ብሎ ሳቀ። ከዚያ ‹ፈርቻለሁ፣ ዋንዳ፣ አትሂጂብኝ› አለኝ። አንቺን መስዬው ነው። አልሄድም አልኩት።»

ትሪሽ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ የእውነቷን ነበር። ቶቫር አቀፋት። አጎት ሜርል እንኳን በናፕኪን ዓይኑን ጠረገ።

ዌንደል ውሻው ዛሬም አልጋው ላይ እንደሚተኛ ለአንድ ሰው፣ ለማንም ቢሆን፣ መንገር ፈለገ። የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ።

«እንግዳው ቡና አልያዘም እኮ፣ ልጄ» አለችው ቨርና በለሰለሰ ድምፅ።

ቀዳለት። ቶቫር ቀና ብሎ ሳያየው «አመሰግናለሁ ወንድሜ» አለ።

በማግስቱ ወታደሮቹ ከሬሳ ሣጥኑ ላይ ያነሱትን ባንዲራ አጥፈው ለቨርና አስረከቧት። ስማው ትሪሽ ጭን ላይ አኖረችው። ዌንደል ከሰዉ ሁሉ ኋላ፣ መቃብር ቆፋሪዎቹ ዘንድ፣ አፉን ዘግቶ ቆመ። ቃሉን ጠበቀ። እሷም ቃሏን ጠበቀች፤ ማንም አላስወጣውም።

ሰዉ ሲበተን ትሪሽ ወደ ዌንደል መኪና መጣች። «አውሮፕላን ማረፊያ ታደርሰኛለህ?» አለችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቱን አይተሃት የለ? ምን ልበል ነበር?»

የፊቱን በር ከፍታ ገባች። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እዚያ ይቀመጥ የነበረው ክሌይ እግረ ረጅም ነበር።

«ውይ፣ ይሄ ወንበር! ወደ ፊት የሚሳበው በየት በኩል ነው?» ጎንበስ ብላ ማንሻውን በእጇ ፈለገች።

ዌንደል ዞሮ መጣ። እጇን ከማንሻው ላይ ቀስ ብሎ አነሳና የኋላውን በር ከፈተላት።