በር ላይ የቀረው ሲንቄ

ናኢማ በዶክተር ዮፍታሔ ክሊኒክ ረዳት ናት። ካርድ ታወጣለች፣ ትመዝናለች፣ ግፊት ትለካለች። ዶክተሩ ከጎጃም የመጣ ስለሆነ ኦሮምኛውንም የምታስተረጉምለት እሷው ናት። አሰላ ውስጥ እንደ እሷ ችክ ያለ ሰው መኖሩን እንጃ። አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፤ እናቷም በዚህ አመሏ ተማረው ነው የኖሩት።

የዛን ቀን ከኢተያ የመጣችው ኦብሴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፣ ራሷን ያማታል። ናኢማ ግፊቷን ለካችና በከፍታው ደነገጠች። ሌላኛውን ክንድ ለካች፤ ያው ነው። የኦብሴ አማት አዴ ፋጡ ጠጋ ብለው፣ "እህቴም እንዲሁ ነፍሰ ጡር ሆና ራሷን እያመማት ነው የሞተችብኝ" አሏት በሹክሹክታ። ባዶ እጃቸው የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ይቅበዘበዛል።

ዶክተሩ ነገሩን አላለሳለሰም። "አሁኑኑ ሆስፒታል ትግባ። ወደ ቤት ከተመለሰች እሷንም ልጁንም ልናጣቸው እንችላለን።" ናኢማ አንድ ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው።

ባሏ ቱሳ ብድግ አለ። ነገ የማጨጃው ኮምባይነር ተራ የእሱ ነው፤ ተራው ካለፈ ስንዴውን ማሳ ላይ ዝናብ ሊመታው ነው። "እህሉ ይግባና እመልሳታለሁ" ብሎ የሚስቱን እጅ ያዘ።

ናኢማ በሩ ላይ ገትር ብላ ቆመች።

"አንቺ ደግሞ ማነሽ? ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ክንዷን የለካሁት ግን እኔ ነኝ።"

"ዞር በይልኝ፣ እህቴ።"

ዞር ካለች አበቃ። ፈራችም፣ እርር ድብንም አለች። ያኔ ነው የአዴ ፋጡ ባዶ እጅ ትዝ ያላት።

ዘበኛው በዛብህ ለአገሩ አዲስ ነው። ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነው ስለተባለ፣ ጠዋት የወንዶቹን ከዘራ ሲሰበስብ የአዴ ፋጡንም ቀጭን በትር ተቀብሎ አብሮ አቁሞታል። ሲንቄ መሆኑን ማን ይንገረው! ሲንቄ በአርሲ ያገባች ሴት ክብር ነው፤ እሷ ከዘረጋችው ወንድ አይሻገረውም።

"በዛብህ!" ብላ ጮኸች ከበሩ ሳትነቃነቅ። "ያንን ቀጭኑን በትር አምጣልኝ!"

አመጣላት። ተቀብላ በሁለት እጇ ለአዴ ፋጡ ሰጠቻቸው። "ይቅርታ ያድርጉልን አዴ፤ ሳያውቅ ነው የወሰደብዎት" አለቻቸውና፣ ቱሳ እንደጠየቃት ከበሩ ዞር አለች።

አዴ ፋጡ ሲንቄውን በሩ ላይ አጋደሙት።

"በል ተሻገር" አሉት ልጃቸውን።

ቱሳ እግሩን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው። ስልኩን አወጣና፣ "ተራዬን ለጎረቤት ስጡት" አለ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር፤ ናኢማ አዘነችለት።

ባጃጅ መጣ። በዛብህ በሀፍረት ተሸማቆ አዴ ፋጡን ደግፎ አሳፈራቸው። ናኢማ ከኋላ ሮጣ ደረሰች።

"አዴ! ሆስፒታል በርም ላይ ዱላ ይቀበላሉ!"

አዴ ፋጡ ሲንቄውን በኦብሴ ጉልበት ላይ አጋድመው በሁለት እጃቸው ያዙት።

"እስቲ ይሞክሩኝ!" አሉ።