የአሥራ አንድ ቀን ዜማ

እና ባርኔጣዬን አላወልቅም፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ መድረኩ አልታይ ካለው አንገቱን ያስረዝም፣ እሁድ ከሰዓት ነው፣ እኔ የማውንት ጊልያድ ቤተክርስቲያን ታላቅ እናት ነኝ፣ ለፓስተሩ ያላወለቅኩትን ለፒያኖ ብዬ አላወልቅም። ዝም በይ አንቺ ሴትዮ ይሰሙሻል፣ ትለኛለች ሉቬኒያ፣ የባሌ እህት፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ከጎኔ ተቀምጣ ዝም በይ ስትለኝ የኖረች፣ ይስሙኝ፣ ለዚህ አይደል የመጣሁት። ለዚህ ነው የመጣሁት። 

ወረቀቱን እንደገና በጣቴ እየተከተልኩ አነባለሁ፣ አራተኛ ክፍል ስደርስ ወደ ጥጥ ለቀማ ወሰዱኝ፣ ቢሆንም ስም ማንበብ አያቅተኝም። የልዩ ልዩ አሜሪካውያን ዜማዎች፣ በፒያኖ፣ ራኔል ሞብሊ ብቻዋን። መጀመሪያ የሳክራሜንቶዋ ቻይናዊት፣ ቀጥሎ የኒው ሜክሲኮው ሰውዬ፣ ቀጥሎ አንድ የቾክቶ ጎሳ ሰው፣ የአገሩ የመጀመሪያ ባለቤት ሦስተኛ ተሰልፎ፣ በመጨረሻ፣ ጣቴ እዚህ ላይ ይቆማል፣ ታዲየስ ሞብሊ፣ የማለዳ ምስጋና። ማለዳም አልነበረም። ምስጋናም አልነበረም። የሞብሊም አልነበረም።

የእኔ ነበር።

የቻይናዊቷ ዜማ መሀል አጨበጨብኩ፣ እልል ልል ምንም አልቀረኝም፣ እሰይ የኔ ልጅ አልኩ፣ በኛ ቤት እንዲህ ነው የሚባለው፣ እዚህ ግን አንዱ መላጣ ዞሮ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ገና አላለቀም፣ ሦስት ክፍል ነው ያለው፣ አለችኝ ሉቬኒያ፣ ሲያልቅ ነው የሚጨበጨበው፣ ሲያልቅ በምን አውቃለሁ፣ እኔን እያየሽ አጨብጭቢ፣ አንቺን ባይማ በሠርግሽም ቀን አላጨበጭብም ነበር። ሳቋን በማራገቢያው ሸፈነች፣ የቀብር ቤት ማስታወቂያ ያለበት ማራገቢያ፣ ከሞት ጋር አየር እንከፋፈላለን።

የቾክቶው ዜማ ዝቅ ያለውን ድምፅ ይመታል፣ ይተወዋል፣ ይመታል፣ ይተወዋል፣ እንዲህ ነበር የላውንደሪው መተኮሻ፣ ሲጫን ሽሽሽ፣ ሲነሳ ጓ፣ ሃያ ዓመቴ ነው፣ የነጮቹን ሸሚዝ እተኩሳለሁ፣ ልጄን ቀብሬ በአራተኛው ቀን። ጡቴ አልሰማም፣ መሞቱን አልነገሩትም፣ ወተቱ በቀሚሴ ላይ ይወርዳል፣ አለቃዬ ሸሚዙን እንዳታበላሺ አለችኝ፣ ሽሽሽ፣ ጓ፣ ከዚያ መሀል መጣ፣ ዜማው፣ ማንም አልሰጠኝም፣ ከወተቱ ጋር ነው የወረደው። አሥራ አንድ ቀን ነበር የኖረው ልጁ። ዜማውንም እንዳላጣው ፈራሁ።

ምን አውቄ፣ ወንድም ሞብሊ ኖታ ይጽፋል፣ ኦርጋን ይጫወታል፣ የቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርጄ ዘመርኩለት፣ ድገሚልኝ እህት ኤርሊን፣ ደገምኩለት፣ ድገሚልኝ፣ ደገምኩለት፣ በእርሳስ ጻፈ። በጸደይ የጉባኤው የመዝሙር መጽሐፍ መጣ፣ ገለጥኩት፣ ስሙ። ይሄ ምንድነው አልኩት። ኮሚቴው ከልብስ ተኳሽ ሴት ዜማ አይቀበልም እህት ኤርሊን፣ በኔ ስም ነው ያለፈው፣ ዋናው መዘመሩ ነው፣ አይደለም እንዴ? ለገና የአሳማ ጭን ላከልኝ፣ ቅርንፉድ የተሰካበት፣ በስኳር ያብረቀረቀ።

በላሁት።

ፓስተሮች የሚፈሩት ምላስ ያለኝ ሴትዮ፣ ሥጋውን በላሁ፣ አጥንቱን ከጎመን ጋር ቀቀልኩ፣ ዝም አልኩ፣ ስልሳ አራት ዓመት፣ በየቀብሩ ተዘመረ፣ በሱም ቀብር ተዘመረ፣ እኔም አብሬ፣ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ። የልጄ መቃብር ላይ ደግሞ አውራ ጎዳና አለፈ፣ መንግሥት መቃብር መሆኑን አላወቅኩም አለ፣ የእንጨት መስቀል ምን ያስታውቃል፣ ወረቀት የለው፣ ፎቶ የለው፣ አባቱም፣ ከባሌ በፊት የነበረው ሰው፣ ሞቷል፣ ሐኪሙ ልብዎ ደክሟል ብሎኛል፣ እኔ ስሄድ ያ ልጅ እንዳልተወለደ ነው። ዛሬ ካልተናገርኩ እንዳልተወለደ ነው።

ደግሞስ ራኔልን ምን ልበላት፣ የጫማዋን ክር ማሰር ያስተማርኳትን ልጅ፣ ይህን አዳራሽ ለማግኘት ሦስት ዓመት ደጅ የጠናችውን፣ ዛሬ በመኪናዋ ይዛኝ ስትመጣ እማማ ኤርሊን የመጨረሻውን ሲሰሙ አያቴ ትዝ ይልዎታል ያለችኝን። ትዝ አይለኝም እንዴ። በሰው ፊት አያትሽ ሌባ ነው ልበላት? ልበላት። አልልም። ልበላት።

ተነሳች፣ ልትናገር ነው፣ ይሄን አያቴ በወጣትነቱ አንድ ማለዳ ለፈጣሪው ምስጋና የጻፈው ነው ትላለች፣ ድምፅዋ ይሰበራል፣ ሰው ሁሉ እህህ ይላል፣ ትቀመጣለች፣ ትጀምራለች።

ባታውቅበት ምን ነበረበት። ታውቅበታለች። እያንዳንዱን ድምፅ አንገቱን ደግፋ ነው የምታነሳው፣ ማንም ሳይነግራት፣ ማን ነገራት፣ ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፣ ደረቴ ይሞቃል፣ ቀሚሴን እዳስሳለሁ፣ ደረቅ ነው፣ ሉቬኒያ ምን ሆንሽ ትላለች፣ ምንም፣ አለቀስሽ እንዴ፣ ዝም በይ አንቺ፣ አሁን እኔ ነኝ ዝም በይ የምለው። የመጨረሻው ድምፅ። እጇን ታነሳለች።

አሁን።

እነሳለሁ፣ የፊቱን ወንበር ይዤ እነሳለሁ፣ አፌን እከፍታለሁ፣ ከኋላዬ ወንበር ይንቋቋል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ረድፉ በሙሉ፣ ራኔል የጋበዘችው የማውንት ጊልያድ ሰው ሁሉ ተነሳ፣ ወይ አምላኬ፣ በኛ ቤት ታላቅ እናት ስትቆም ማንም አይቀመጥም፣ ረሳሁት፣ እነሱ ሲነሱ ሌላውም ተነሳ፣ መላጣውም ተነሳ፣ ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ ብራቮ ሞብሊ ይላል አንዱ፣ እኔ ነኝ ያስነሳኋቸው፣ ለሱ፣ በገዛ ጉልበቴ አከበርኩት። ራኔል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እያየችኝ ታለቅሳለች፣ አመሰግናለሁ በሚል ዓይን፣ አታመስግኚኝ፣ ልጄ አታመስግኚኝ።

ተቀመጪ እንጂ፣ ቀሚሴን ትጎትታለች ሉቬኒያ፣ ሰው ወጥቶ የተዘጋጀለትን ኬክ ይብላ። ከተቀመጥኩ ሁሉም ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ሆሆ፣ አልቀመጥም። ጭብጨባው ይደክማል። እቆማለሁ። ይቆማል። ያሳልሳሉ፣ ይተያያሉ፣ ማንም የመጀመሪያው ተቀማጭ መሆን አይፈልግም፣ መላጣው ሰዓቱን ያያል፣ ጸጥታው መጣ፣ ጸሎት መሐል እንኳ አይቼው የማላውቅ ጸጥታ።

እማማ፣ ምን ሆኑ? ትላለች ራኔል ከመድረኩ ጫፍ። አገጯ የአያቷ ነው። ስልሳ አራት ዓመት ያዘጋጀሁት ቃል ምላሴ ላይ ነው፣ ሌባ፣ አይወጣም፣ ለዚህች አይወጣም፣ ሌላ ነው የሚወጣው፣ ልጅ ነበረኝ እላታለሁ። አልሰማሁዎትም እማማ። ልጅ ነበረኝ፣ አሁን አዳራሹ ሁሉ ሰማ፣ ሉቬኒያ ቀሚሴን ለቀቀች፣ እሷም አታውቅም፣ ለማንም አልነገርኩም፣ አሥራ አንድ ቀን፣ ዜማው ከደረቴ ነው የወጣው ራኔል፣ አያትሽ በእርሳስ ጻፈልኝ፣ የጻፈው እሱ ነው የወለድኩት እኔ፣ ኤዝራ ነበር ስሙ፣ ኤዝራ፣ አሁን የተጫወትሽው እሱን ነው፣