ሦስት ጉርሻ

ዶክተሯ ሜትሩን ከሬሕማ ሆድ ላይ አንስታ ቁጥሩን ደግማ አየችው።

«ሃያ ስድስት ሳንቲ ሜትር» አለች በዐረብኛ። «በሰባት ወር ሠላሳ ግድም መድረስ ነበረበት።»

ተረጎምኩላት። ሬሕማ ከወሎ ወደዚህ አገር ከመጣች ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ዐረብኛዋ የምትሠራበትን ቤት ጓዳ አያልፍም። ካላክላ ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን ስለምንኖር፣ ሳጃና ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ስትመጣ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«በደንብ ትበላለች?»

ሬሕማ ትርጉሜን አልጠበቀችም። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

«እንግዲያው ያረገዘችበትን ቀን ተሳስታ ይሆናል» አለች ዶክተሯ። «ስድስት ወር እንበለው። ከወር በኋላ ትመለስ።» እስክሪብቶዋን አነሳች።

የምንበላው ከአንድ ሳህን ነው። ሬሕማ ሦስቴ ትጎርስና «አልሐምዱሊላህ» ብላ እጇን ትሰበስባለች። በእኛ ገበታ ቃሉ በቃኝ ማለት ነው። ዶክተሯ ግን ምንም አልጎደለብኝም ስትል ነው የሰማቻት። ቀኑም አልተሳሳተም፤ የወር አበባዋ የቀረ ጊዜ ስልኬ ላይ የመዘገብኩላት እኔ ነኝ።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ መልሱን እያወቅሁ እንኳ እጄን አላወጣም ነበር። የዶክተሯ እስክሪብቶ የሬሕማ ካርድ ላይ የነበረውን ቀን ሰረዘ።

«ዶክተር፣ ቀኑ ትክክል ነው።» አልኩ። «አትበላም። ሆን ብላ ነው።»

«አትበላም» የሚለውን ዐረብኛ ሬሕማ ታውቀው ኖሯል።

«ፋሪሃ፣ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ማሳበቅ ነው?» አለችኝ በዝግታ።

«ለምን እንደማትበዪ አንቺው ንገሪያት።»

 ሬሕማ ጣሪያውን እያየች ተናገረች፤ እኔም እየተከተልኩ ተረጎምኩ። እህቷ ኒዕማ ሁለት ቀን አምጣ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ገዝፎባት ነው አሉ የአገር ሴቶች።

«እኔ ትንሽ ልጅ ነው የምፈልገው» አለች። «በቀላሉ የሚወጣ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስለተራብሽ መንገዱ አይሰፋም፤ አቅም የሚያጣው ልጁ ነው። ከስቶ ከተወለደ መጥባትም መተንፈስም ሊያቅተው ይችላል። ምጡ ቢጠናብሽ ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ። ነገ አልትራሳውንድ ተነሺ፤ በሁለት ሳምንት ልይሽ።»

የሰረዘችውን ቀን መልሳ ጻፈችው።

ሱቅ ዐረቢ ገበያ ቆመን የካላክላን አውቶቡስ፣ ሃፍላውን፣ ስንጠብቅ ሬሕማ አላናገረችኝም። ከአንዲት አዟሪ የተቀቀለ እንቁላል ገዝታ ላጠችና ለሁለት ከፈለችው። ግማሹን በልታ ግማሹን ዘረጋችልኝ።

«እንኪ። አልሐምዱሊላህ።»

ሰው የዘረጋልኝን እምቢ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን እጄን ከሻርፔ ሥር ደበቅሁት።

ሃፍላው መጣ። ሰው እየተጋፋ ሲሳፈር እሷ አልተነቃነቀችም። አተኩራ አየችኝ። ከዚያ የቀረውን ግማሽ ጎረሰች።