ሃያ አራት መቶኛ ሰከንድ

በፈትያ ቀንቻለሁ። ቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው በሹክሹክታ እንዳይቀድመኝ ነው። ቅናት አያውቀኝም የሚል ሰው ወይ ውሸታም ነው፣ ወይ የሚነጠቀው ነገር የለውም። እኔ ግን ነበረኝ። በክለባችን ቢሮ ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ሄፕታትሎን ሴቶች፦ ዮርዳኖስ አለሙ፣ 4216 ነጥብ፣ 2003 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ሊነካው የሞከረም አልነበረም። እዚህ አገር ረጅም ርቀት የማትሮጥ ሴት አትሌት አትባልም። ሄፕታትሎን ብላ ሰባት ስፖርት የምትሠራዋን «ሩጫ እምቢ ያላት» ይሏታል። ይህን የሚሉ ሁሉ በአንድ ቀን መሰናክል ይሩጡ፣ ከፍታ ይዝለሉ፣ አሎሎ ይወርውሩ፣ ማምሻውን ሁለት መቶ ሜትር ይጨምሩበት። በማግስቱ ርዝመት ዝላይ፣ ጦር ውርወራና ስምንት መቶ ሜትር ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ፈትያ የክለባችን አዲስ የሄፕታትሎን ተወዳዳሪ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው። አባቷ አቶ አብዱልሃሚድ መናኸሪያ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ለዘንድሮው ውድድር ሱቃቸውን ዘግተው ቤተሰቡን በሁለት ባጃጅ ጭነው መጡ። እኔ ስወዳደር ከታቦር ሰፈር ድረስ በእግሬ መጣሁ፤ ከቤታችን የተከተለኝ አልነበረም። ልጅቷ የከፍታውን አግዳሚ ስትጥል ትስቃለች፤ ጦሯ በጭራው ሲያርፍ ትስቃለች፤ ተመልካቹም አብሯት ይስቃል። በኔ ጊዜ የሳቀ የለም፤ የሚያይም አልነበረማ።

አሁን የምቀመጠው የነጥብ መዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሠንጠረዡን በቅጡ የሚያነብ ከእኔ በቀር የለም። ሰው ሁሉ የሚቆጥረው አንደኛና ሁለተኛ ነው። ሄፕታትሎን ግን ደረጃ አይቆጥርም። እያንዳንዱ ሰዓትና እያንዳንዱ ሜትር በሠንጠረዡ ነጥብ ይሆናል፤ አሸናፊዋን የሚለየው የሰባቱ ድምር ነው። በአንዱም አንደኛ ሳትወጣ ሁሉንም የምታሸንፍ ልጅ ልትኖር ትችላለች።

በመጀመሪያው ቀን ሰዓት የሚይዘው ካሜራ አልሠራ ስላለ ሰዓቱ በእጅ ተያዘ። ሕጉ ግልጽ ነው። የሰው ጣት ከተኩሱ ዘግይቶ ስለሚጫን፣ የእጅ ሰዓት ሯጯን ከእውነቱ ፈጣን ያደርጋታል። ስለዚህ በመሰናክሉና በሁለት መቶው ላይ ሃያ አራት መቶኛ ሰከንድ ይጨመራል። ጨመርኩ። ፈትያ ሃምሳ ያህል ነጥብ ጎደለባት። አባቷ ቅር ብሏቸው ሲጠይቁኝ መጽሐፉን ገልጬ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ሕግ ከሆነ ይሁን ብለው ተመለሱ። ፊቴን እንደ ዳኛ አኮሳትሬ ነበር። ልቤ ግን ቅቤ ጠጣ።

በሁለተኛው ቀን ከጦር ውርወራው በኋላ የስድስቱ ድምሯ 3400 ሆነ። የቀራት ስምንት መቶ ሜትር ብቻ ነው። እኔን ለማለፍ 817 ነጥብ፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ተኩል ያስፈልጋታል። እስካሁን ከሁለት ሃያ አራት በታች ሮጣ አታውቅም። እርሳሴን አስቀመጥኩና ተነፈስኩ።

ይህን ጊዜ ሰዓት ያዡ ጋሼ ሽፈራው መጥተው ወረቀቴ ላይ አጎነበሱ። እኔ ስወዳደርም ሰዓት የያዙት እሳቸው ናቸው።

«ዮርዲ፣ ያኔ ላንቺ ጨምረን ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሃያ አራቷን። መሰናክሉን አሥራ አምስት ከአራት፣ ሁለት መቶውን ሃያ ስድስት ከሦስት ብዬ የነገርኩሽ እኔ ነኝ። ያኔም ካሜራ አልነበረም።»

በእርስዎ ዕድሜ ሰው ብዙ ነገር ይሳሳታል ብዬ ተቆጣኋቸው። ሠንጠረዡን ገለጥኩ፤ 4216 የወጣው ሃያ አራቷ ሳትጨመር ነው። በመሰናክሉ ሠላሳ አንድ፣ በሁለት መቶው ሃያ ነጥብ። ሃምሳ አንድ ነጥብ አልሠራሁትም። እውነተኛው ነጥቤ 4165 ነው። እሱን ለማለፍ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ይበቃታል፤ ልጅቷ እየሳቀች የምትሮጠው ሰዓት።

ፈትያ ጫማዋን እያሰረች ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ቲቸር፣ ስንት ያስፈልገኛል?»

ጋሼ ሽፈራው አዩኝ።

«ሁለት ሃያ ተኩል» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያለውን ነው የነገርኳት። እንደዚህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ተኩሱ ተሰማ።

ፈትያ እንደዚያ ቀን ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። የመጀመሪያውን ዙር ለብቻዋ ወጣች። በሁለተኛው ዙር ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፊት ለፊት ገጠማት፤ ትከሻዋ ተነሣ፣ አንገቷ ተገተረ፤ ግን አልቆመችም። ስትገባ ወደቀች። ሳቅ አልነበረም። ጋሼ ሽፈራው ሰዓታቸውን አሳዩኝ፤ ሁለት ሃያ አንድ ከሦስት። 806 ነጥብ፣ ድምር 4206። ከግድግዳው አሥር ነጥብ ጎደላት።

ውጤቱን ተናገርኩ። ፈትያ ከአባቷ ጋር እያነከሰች መጣችና ላብ በላብ እንደሆነች አቀፈችኝ።

«አይዞዎት ቲቸር፣ የእርስዎ አልተነካም። ጠንካራ ነጥብ ነው ያስመዘገቡት።»

አይዞዎት! ስድብ ብትሰድበኝ እችላት ነበር። ያልሠራሁት ሃምሳ አንድ ነጥብ ላይ ቁጭ ብዬ ይህች ልጅ ታጽናናኝ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስህተት እየነቀስኩ ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ። ደሜ ፈላ።

«ተነክቷል» አልኩ። «የኔ ሰዓት በእጅ ተይዞ ሳይጨመርበት ነው የተጻፈው። ነጥቤ 4165 ነው። አልፈሽኛል።»

ፈትያ አልገባትም። አባቷ ገባቸው፤ ቁጥሩን በጣታቸው ደግመው አስልተው ልጃቸውን ከመሬት አነሷት። እኔም በወረቀቱ ላይ የራሴን ሰርዤ የሷን ጻፍኩ፤ ጋሼ ሽፈራው በምስክርነት ፈረሙ።

ሰው ሲበተን ጋሼ ሽፈራው ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«እውነቱን ብትነግሪያት ኖሮ ሁለት ሃያ አራት ሮጣ ትተኛ ነበር።»

አውቃለሁ። በሕይወቴ ስምንት መቶን ከሁለት ሠላሳ ሦስት በታች ሮጬ አላውቅም። ሦስቱን ሰከንድ ያስቀነሳት የኔ ክፋት ነው። አርባ ነጥብ ያወጣል። እሱንም በስሟ ግድግዳው ላይ ይጽፉላታል።