ሽልማት በፋንክ ቤት

ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ ሲደርስ ገሊላ ሥራው የእሷ መሆኑን አወቀች። ቤዝ ጊታሯ ከሚስተር ኧርል ድራም ጋር እንደ ድርና ማግ ተጋጥሟል። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ነክሷል፤ ከእሱ ዘንድ ከዚህ በላይ ምስጋና እንደሌለ ቀድመው ነግረዋት ነበር።

ሚስተር ኧርል ከሂውስተን ወደ ሎስ አንጀለስ የመጣው የዛሬ አምሳ ዓመት ነው። ከአገሩ ልጆች ጋር ሆኖ ሐበሾች ከሚበዙበት ከፌርፋክስ ጎዳና ወረድ ብሎ ያለውን ይህን አሮጌ አዳራሽ ፋንክ ለሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ ቤት አደረጉት። በአካባቢው ያሉት የድሮ ክለቦች አንድ በአንድ ፋርማሲና ጂም ሲሆኑ ይሄኛው ብቻ እምቢ ብሎ ቀረ። ባለፈው ወር ግን ቤዝ ጊታር ተጫዋቻቸውን ጣቶቹ ከዱት። ገሊላ በሳምንት አምስት ቀን ባልድዊን ሂልስ ሰፈር አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ በተረፋት ጊዜ በምግብ ቤትና በሰርግ ላይ ስትጫወት ስድስት ዓመት ሆናት። ይህን ቦታ ከልቧ ፈልጋዋለች። አፏን ሞልታ "ሙዚቀኛ ነኝ" የምትለው እዚህ ስትገባ ነው ብላ ካመነች ቆይታለች።

ዛሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ የምትፈተነው ሕዝብ ፊት ነው። ያስገባት ኪቦርድ የሚጫወተው ወንዳፍራሽ ነው፤ "ብቻ እንዳታሳፍሪኝ" ብሏታል። እሷስ አላሳፈረችውም።

አጎቷ ጋሼ ዳኛቸው ታክሲውን ፓርክ አድርጎ ዘግየት ብሎ ገባ። ሰርግ የተጠራ ይመስል ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጓል። ፋንክ ይሉት ነገር በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም፤ ትከሻው ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ተነሳ። ሚስተር ኧርል ድራሙን ለብቻው ሲያስጮኸው ደግሞ ጋሼ ዳኛቸው መቻል አቃተው። አስር ዶላር ከኪሱ መዝዞ፣ በእስክስታ መድረኩ ላይ ወጣና ብሩን ላብ ባጠመቀው የሽማግሌው ግንባር ላይ ለጠፈው።

"ይባርክህ የኔ አንበሳ!"

ድራሙ ቆመ። ብሩ ከግንባሩ ተላቆ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሚስተር ኧርል ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋደማቸው።

"ሂውስተን ልጅ ሆኜ፣ አባቴ ሲጫወት ነጮቹ ሳንቲም ይወረውሩበት ነበር፤" አለ በዝግታ። "ፊቱ ላይ፣ እየሳቁ። እኔ ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው እንደማይኖር ምያለሁ።" ወደ ገሊላ ዞረ። "ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?"

ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው እንግሊዝኛ አይጠፋውም፤ ጋሼ ዳኛቸው የተባለውን ሁሉ ሰምቷል። ፊቱ አመድ መሰለ።

ወንዳፍራሽ አንገቱን አስግጎ በአማርኛ አንሾካሾከ። "ገሊላ፣ አላውቀውም በይ። ጠጥቶ የገባ ሰው ነው በይ። ሴኩሪቲ ያስወጣቸውና እንቀጥላለን፣ ኦኬ? ጋሼን በኋላ እኔ አስረዳቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል።"

ለጋሼ ዳኛቸውማ ገብቶታል። እንዲያውም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀምሯል።

"እውነቱን ነው፣ ልጄ። አላውቀውም በያቸው። እኔ መኪና ውስጥ ልጠብቅሽ።"

ገሊላን እፍረት ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት። ያፈረችው በአጎቷ አልነበረም፤ "አላውቀውም" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ስለነበር ነው።

"አጎቴ ነው፤" አለች በእንግሊዝኛ። "ይሄን ቤዝ የገዛልኝ እሱ ነው። ሚስተር ኧርል፣ በአባትህ ላይ የተደረገው ነውር ነው። እኛ ዘንድ ግን ብር አይወረወርም። ሰውየው ከመቀመጫው ይነሳል፣ አጠገብህ ይመጣል፣ በገዛ እጁ ግንባርህ ላይ ይለጥፈዋል። ሸለመህ ማለት ነው። ሳይጠይቅህ ማድረጉ ጥፋት ነው፤ ለዚያ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።"

የሽማግሌው ፊት አልተፈታም።

"አንቺ ብትሆኚ ትቀበያለሽ?" አላት። "ይሄ ሁሉ ሰው እያየ?"

ወንዳፍራሽ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ገሊላ አይታዋለች፤ ግን ወደ አጎቷ ዞረች።

"ጋሼ፣ ና። ብሩን አንሳው።"

"ተይ ልጄ፣ ሥራሽን አላበላሽብሽ።"

"ና ስልህ!"

ጋሼ ዳኛቸው ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ብሩን አነሳና ግንባሯ ላይ ለጠፈው። ገሊላ እንዳይወድቅ አገጯን ቀና አደረገች። ከዚያ የሚስተር ኧርልን ፊት ዞራ ሳታይ፣ የተቋረጠውን ዘፈን ከመሃሉ ብቻዋን ጀመረችው።