ያገባች የሚለው መስመር

ለተ ማርያም ናት የነገረችኝ፣ የሴቶቹ ትምህርት ቤት ጽዳት፣ እሷ የማትጠርገው ቢሮ የለም፣ የማትሰማውም የለም፣ እና ምነው ነገረችኝ፣ ምነው ዝም ብትል፣ እኔስ መች ዝም ብዬ አውቃለሁና። ያኔም እንዲህ በጀሪካን ሰልፍ ላይ ነን፣ ውሃው አልመጣም፣ ጠጋ ብላ፣ ባንቺአየሁን ያስወሰዳት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ እትዬ ምንዳዬ፣ እኔ ፊቴን ወደ ቁስቋም ደብር አዙሬያለሁ ዓይኗን ላለማየት፣ ምንድን ነው አልኳት፣ ወረቀት ነው አለች፣ ያገባች ብሎ የጻፈ ወረቀት። እፎይ። ወረቀት። ስሜ የለበትማ።

ሁለት ዓመቱ ነው ይኸው፣ ዛሬም ተሰልፌያለሁ፣ ከፊቴ አሥራ አራት ጀሪካን አለ፣ ዛሬም እፎይ እላለሁ፣ አይወጣልኝም።

ባንቺአየሁ አገሯ ከኮሶዬ በላይ ነው፣ ገጠር። ከኔ ጋር በአንድ አጥር፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ አሥራ አንደኛ ትማራለች፣ ከክፍሏ ሁለተኛ ናት፣ አንደኛዋ ጦይባ ናት የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ በኔ መስኮት ሥር ነው አብረው የሚያጠኑት፣ እኔ የማልሰማ መስዬ፣ ጦይባ ትላለች፣ አንቺ የገጠር ልጅ፣ በሒሳብ በለጥሽኝ፣ ሼም አይደለም እንዴ፣ ያቺ ደግሞ፣ አንቺ ጨርቅ ስትለኪ ነው ያደግሽ፣ እኔ በግ ስቆጥር፣ ጨርቅ ይለጠጣል በግ አይለጠጥም። ሳቄን በነጠላዬ አፍኜ። ሸጋ ልጅ። ሸጋ።

ነገሩ የመጣው ከውጤት ነው። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለተኛ ከተፈተኑት ሁለት መቶ ምናምን ሴቶች ያለፉት ዘጠኝ፣ ከዘጠኙ የገጠር ልጅ አንዲት ብቻ፣ ዳይሬክተሩ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ የገጠሮቹ ምነው ወደቁ፣ ይጠና፣ ማን ከማን ጋር ትኖራለች፣ አባቷ ምን ይሠራል፣ ስንቋ በስንት ቀን ይመጣል፣ ያገባች፣ ያላገባች። ለደግ ነው። ለይተው ሊያግዟቸው ነው፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ ሊሰጧቸው። መምህርት የዓለምወርቅ ቅጹን ይዛ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ባንቺአየሁ ወፍጮ ቤት ሄዳለች፣ በሩ ዝግ ነው፣ መምህርቷ ተመልሳ ልትሄድ ስትል እኔ አጥሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ የት አልቆም። ነይ ነይ መምህርት፣ እኔን ጠይቂኝ፣ ከኔ በላይ ማን ያውቃታል።

ሁለተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ሰው ነኝ። እኔ ስናገር አስተማሪ ስትጽፍ፣ እስኪርብቶ ከአፌ ሥር ሲሮጥ፣ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም፣ እንዴት ደስ ይላል። አባቷ አያ ዋኘው ናቸው፣ ገበሬ፣ ገብስና ድንች፣ ጻፈች። ስድስት ወንድምና እህት፣ ጻፈች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት፣ ጻፈች። አግብታለች ወይ እናቴ፣ አለችኝ።

አላውቅም ማለት ነበር። አላውቅም፣ አንዲት ቃል፣ ከአፌ ወጥታ የማታውቅ ቃል። እናቷ ስንቅ ይዛ የመጣች ጊዜ ያጫወተችኝ መጣብኝ፣ በሰባት ዓመቷ ታጭታለች፣ በሽማግሌ ፊት ማሕላ ተምሏል፣ አባቷ ግን ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሳትጨርስ አልድርም ብሎ የእጮኛዋን ወገኖች አስታግሷቸዋል፣ እነሱም እሺ ብለዋል። የመጀመሪያውን ተናገርኩ። አዎን፣ የሰው ናት አልኩ። የኋለኛው ይረዝማል፣ ወሬ ሲረዝም አይጥምም፣ እሷም ቀና ብላ፣ ባል አላት ማለት ነው፣ አዎን ገጠር ነው ያለው አልኩ። ጻፈች። በዚያች መስመር ላይ ምልክት አደረገች፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ትንሽ ናት፣ የዝንብ እግር ታህል።

ያለዕድሜዋ ያገባች ስትገኝ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው አለች ለተ ማርያም፣ ሊያድኗት ብለው ነው፣ ደብዳቤው ቀበሌያቸው ሲደርስ አያ ዋኘው ተጠሩ፣ ልጅዎን ድረዋል ተብለው በሕዝብ ፊት ቆሙ፣ አልዳርኩም ቢሉ ማን ይሰማል፣ የመንግሥት ማኅተም አለበት። የእጮኛዋ ወገኖችም ሰሙ። ለኛ ካልሆነ ከተማ ነው ያገባችው ብለው ተረዱት። አስታግሰኸን በጓሮ ለከተሜ ዳርካት፣ ማሕላህን በላህ አሏቸው። እንግዲህ እሳቸው ለከተሜ ያልዳሩ መሆናቸውን በምን ያሳዩ፣ ለነዚያው በመዳር ካልሆነ።

ይህን ሁሉ ሳልሰማ በፊት፣ ቅዳሜ፣ አያ ዋኘው ከዘመዶቻቸው ጋር በአይሱዙ መጡ። ፍራሿን ጠቀለሉ፣ ድስቷን፣ መጽሐፎቿን በማዳበሪያ። አባቴ አላገባሁም ትላለች፣ ጦይባን ጠይቃት፣ ኧረ እትዬ ምንዳዬን ጠይቃቸው፣ መውጫ መግቢያዬን የሚያዩ እሳቸው ናቸው፣ ዋሽተው አያውቁም። እኔን። ለምስክር እኔን። ጓዳ ገባሁ። አያ ዋኘው በሬን አንኳኩ፣ እመት ምንዳዬ አሉ ወይ፣ አንዲት ቃል ብቻ ነው፣ በደጅ ቆመው፣ በትራቸው መሬቱን ሲነካ ይሰማኛል፣ እኔ ከጤፍ ከረጢቱ ኋላ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ የሉም መሰለኝ ልጄ፣ አሉ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የተደበቅኩት። ሳላውቅ። ታዲያ ሳታውቂ ምነው ተደበቅሽ አንቺ ሴት።

ለተ ማርያም የነገረችኝ ማክሰኞ ነው፣ ሠርጉ ለጥር ነው፣ ኅዳር ላይ ነን፣ ቀን አለ። ትምህርት ቤቱ እዚህ ነው፣ ቁልቁል ነው። ሄጄ፣ እኔ ነኝ የቀላመድኩ፣ ሰርዙት፣ ለቀበሌውም ለሽማግሌዎቹም ጻፉላቸው ማለት ነበር። ረቡዕ ልብስ አጠብኩ። ሐሙስ ለቅሶ ቤት። ዓርብ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ዘበኛው ማንን ፈለጉ አለኝ፣ ማንንም አልኩና ተመለስኩ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አሥራ ሦስት።

ጦይባ ፈተናውን አልፋለች፣ ሕክምና ትማራለች። መምህርት የዓለምወርቅ ወደ ጠዳ ተዛውራለች። አያ ዋኘው ያለዕድሜዋ ድረዋል ተብለው ሦስት ወር ታስረው ተፈቱ። ለተ ማርያም እዚያው ትጠርጋለች። ባንቺአየሁ በጥር ተዳረች፣ ወንድ ልጅ ወልዳለች።